ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ

አስተርጓሚ የሚቆመው በሰባኪው ግራ ነው፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ሶዶ ባለችው ጸሎት ቤታችን መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣሁ ቀን የፕሮግራም መሪው ክንዴን ይዞ እዚያ ቦታ አቆመኝ፤ እኔም እዚያው ቀረሁ።

ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ የሚሰብከው በአማርኛ ነው። ፊት ለፊት ከተቀመጡት እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ደግሞ ከወላይትኛ ሌላ አይሰሙም። ስለዚህ መሃል ላይ እኔ እገባለሁ። እሱ አንድ ይላል፣ እኔ አንድ እላለሁ። እጁን ካነሣ አነሣለሁ፣ ከጮኸ እጮኻለሁ። ካለቀሰ ማልቀሱ ይከብደኛል፣ ግን ድምፄን ሰበር አደርግለታለሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ እሱ "እኔ" ካለ አንቺም "እኔ" በይ።

አንዱ እንግዳ ምስክርነቱን ሲሰጥ "የለየልኝ ሰካራም ነበርኩ" አለ፣ ደረቱን እየመታ። እኔም ደረቴን እየመታሁ በወላይትኛ የለየልኝ ሰካራም እንደነበርኩ ለጉባኤው ተናገርኩ። ፊት የተቀመጡት ልጆች ሳቃቸው አመለጣቸው። ኧረ ምኑ ቅጡ! እዚያ መድረክ ላይ ስንቱን ሆኛለሁ። ሌባ ነበርኩ። ጠንቋይ ቤት እመላለስ ነበር። ሚስቴን እደበድብ ነበር። ሁሉንም ጌታ ይቅር ብሎኛል። የራሴ ጉዳይ ምን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እንግዳውን ከብበው ምሳ ይወስዱታል። እኔን በር ላይ አንዲት እናት ጉንጬን ስመው "ዛሬስ ከሰባኪው በለጥሽ፣ ተባረኪ" ይሉኛል። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቤቴ። መልአክ አይደለሁም፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። "ምሳ አንድ ሰው ቢጨመር ድስቱ ይሰበራል?" እያልኩ ለብቻዬ አጉረመርም ነበር። በኋላ ማንገብገቡም ተወኝ። ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆንኩ፤ አለ፣ ግን የእኔ አይመስለኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እኔ የሰው ቃል ለብሼ ስዞር አልደመቅኩም፤ ግን ብርድም አልተሰማኝም።

አባቴ አንድ ጊዜ ከሚኖርባት ከተበላ ከተማ መጥቶ መድረክ ላይ አይቶኛል። ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ሰባኪውን ትቶ እኔን ሲያይ ዋለ። ስንወጣ "ጥሩ ቆመሻል" አለኝ። አዋ ወሬ አያበዛም፤ አዋ ማለት በእኛ አባት ነው።

ባለቤቴንም ያገኘሁት በዚሁ ሥራ ነው። በቀን ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። እሱ ከሩቅ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የአፈር ባለሙያ ነበር። ሁምቦ ውስጥ ለገበሬዎች ሥልጠና ሲሰጥ አስተርጓሚ ጠፋና እኔን ጭነውኝ ሄዱ። መሃል ላይ አንድ ቀልድ ቀለደ። ቀልዱ በአማርኛ ጨው የሚባል ነገር አልነበረውም። አትጨምሪ ብያለሁ፣ ያን ቀን ግን አላስቻለኝም፣ በወላይትኛ ትንሽ ጣል አደረግኩበት። ገበሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውዬው ያሳቃቸው የእሱ ቀልድ መስሎት ፊቱ ቦግ አለ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። የወደደው እኔን ይሁን ሳቁን፣ ዛሬም አላውቅም።

ትዳር ውስጥ ግን የሚተረጎም ሰው የለም። የራሴን ነገር በራሴ አፍ በአማርኛ ማውራት ነበረብኝ። አማርኛዬ ደግሞ የቢሮና የመድረክ ነው። ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲሰጠኝ አልሳሳትም። ቤቴ ውስጥ ስስቅ፣ ስቆጣ፣ ስቸኩል ወንዱን በሴት ሴቷን በወንድ እየጠራሁ እደናቀፋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ሳቁም ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ቀስ እያለ ሰው ፊት ማረም ጀመረ።

አንድ እሑድ የሥራ ጓደኞቹ ምሳ መጡ። ሥጋውን በዳጣ አቀረብኩላቸው፣ በርበሬው አንገበገባቸው፣ ተሳሳቅን፣ እኔም ደፈር ብዬ ስለ አባቴ ማጫወት ጀመርኩ። አዋ በወጣትነቱ የጥጥ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ይዞት የተመለሰው አማርኛ "ና"፣ "ሂድ"፣ "ቶሎ በል" እና "እምቢ" ብቻ ነው። ወሬዬ ሞቅ ሲለኝ "አለቃው መጣችና" አልኩ።

"መጣችና?" አለ ባለቤቴ ጣቱን አንሥቶ። "ጢም ያለው አለቃ ነው የመጣችው?"

ጓደኞቹ ሳቁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የቤቱ ባለቤት ሲስቅ እንግዳ ምን ያደርጋል? እኔም ሳቅኩ። ሳህን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ቀልዱ እንዴት እንደሚያልቅ የጠየቀኝ አልነበረም። ለእናንተ ልጨርሰው። አዋ "እምቢ"ን ከማን ተማርክ ሲባል "ከአለቃው ነዋ፤ ደሞዜን ስጠይቀው" ይላል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤቴ ጓዳ ድረስ መጣ። "አሁን ምን ያስኮርፋል? ለአንቺ ብዬ ነው እኮ። የሰው ቃል ሲሆን ምላስሽ ቅቤ ነው፣ የራስሽ ሲሆን ትንተባተቢያለሽ። ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፣ ይህን አትርሺ።"

ማኩረፍማ ደግ ነበር። ያኮረፈ ሰው ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር አለው። እኔ ዝም ማለቱ ቀለለኝና ዝም አልኩ። ቡና ይፍላ ወይ፣ አዎ፤ መብራት ሄደ ወይ፣ ሄደ። በዚህ ዓይነት ዓመት አለፈ። አልጠላሁትም። ምንም አላልኩትም፣ ለራሴም ምንም አላልኳትም።

መሃል ላይ ጸሎት ቤታችን ለሴቶች ሴሚናር አዘጋጀ። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ድምፃቸው ያማረ ሴትዮ ነበሩ። ርእሱ ለራስ ዋጋ መስጠት ነው። አስተርጓሚዋ ማን እንደነበረች መቼም ገብቷችኋል። "እህቶች፣ ወደ ጎናችሁ ዞር በሉና 'አንቺ ውድ ነሽ' ተባባሉ" አሉ ሴትዮዋ። እኔም በወላይትኛ አልኩ። አዳራሹ ሙሉ ሴት ዞረና እየተሳሳቀ "አንቺ ውድ ነሽ" ተባባለ፣ ተቃቀፈ። መድረኩ ላይ እኔ ዞር ብል ጎኔ ያሉት አሠልጣኟ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቀጣዩን ወረቀት እየፈለጉ ነበር።

"አሁን ደግሞ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ 'እኔ ውድ ነኝ' በሉ።" እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በማይክራፎን "እኔ ውድ ነኝ" አልኩ። "አልሰማሁም!" አሉ። "አልሰማሁም!" አልኩ። እንደገና፣ ከበፊቱ ጮክ ብዬ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አየሁ። ጎረቤቴ ያለቀሰችው ከልቧ ነበር፣ ያን ቀን ከባሏ የተደበቀ አንድ ሸክም እንደ ወረደላት ነገረችኝ። ደስ አለኝ ልበላችሁ? ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፣ ውኃ ጠጣሁ።

ሴሚናሩ ባለቀ በሳምንቱ ባለቤቴ ዝውውር ደረሰው፤ ወደ ትውልድ አገሩ። "ዕቃ አሰናጂ" አለኝ። ትሄጃለሽ ወይ አላለኝም። እዚያ ወላይትኛ የሚሰማ የለም፣ ጸሎት ቤታችን የለም፣ አዋ የለም። የሰው ቃል እንኳ የሚያውሰኝ አይኖርም። ከሄድኩ ድምፅ የሚባል ነገር እንደማይኖረኝ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም አላስደነገጠኝም። ዕቃ ማሰናዳት ጀመርኩ። የእሱን በካርቶን አሰርኩ፣ የእኔን በሻንጣ። ለያይቼ ማሰሬን ያወቅኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሻንጣውን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ቆራጥ ሴት አድርጋችሁ እንዳትስሉኝ፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ወያላው "ተበላ! ተበላ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ከጎደለ እኔ ልሁን ብዬ ገባሁ።

አዋ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ ቤት አስገባው። ለምን መጣሽ አላለኝም። ከደጃፉ ዛፍ ማንጎ አውርዶ ልጦ ሰጠኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ለሰው ፍራፍሬ ሲልጥ አይቼው አላውቅም ነበር። በላሁ። ጣዕሙ ትዝ አይለኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አጎቱ አሉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ለዚሁ ብለው ከሩቅ የመጡ ደግ ሽማግሌ። የመሥሪያ ቤት አለቃውም አለ። ሦስተኛው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ አስተርጓሚም እሳቸው ሊሆኑ ነበር። ግን ከሶዶ ሊነሡ ሲሉ ሻንቶ የሚኖር ዘመዳቸው ማረፉ ተነገራቸውና ወደ ለቅሶው ሄዱ። ለቅሶ ደግሞ በእኛ ዘንድ "ቆይ ልምጣ" የማይባልበት ነገር ነው።

ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። በአንድ ወገን አጎቱ፣ አለቃውና ባለቤቴ፤ በሌላው አዋና የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ጓሮ ሴቶቹ ጎደሬ ቀቅለው እርቁ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሰላምታው አለቀ፣ ዝናቡና ሰብሉ በእጅና በፈገግታ ተጠየቀ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያግባባ ቋንቋ ጠፋ። አጎቱ ወላይትኛ አይሰሙም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች የገበያ አማርኛ አያጡም፤ ከከተማ በመጣ ሰው ፊት ከሚናገሩት ግን ምላሳቸውን ቢነክሱ ይሻላቸዋል።

"እሷ አለች አይደል እንዴ!" አለ አለቃው። በወላይትኛም አንዱ ጎረቤታችን ያንኑ አለ። ሁሉም እፎይ አለ። ወይ ጉድ፣ አንድ ሰው እንኳ "ጉዳዩ እኮ የእሷ ነው" አላለም። እኔም አላልኩ። ተነሥቼ ከአጎቱ በግራ በኩል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቆምኩ።

አጎቱ አሳምረው ጀመሩ። "እርቅ ደም ያደርቅ። ልጃችን ጥፋት የለበትም አንልም፤ ወጣት ነው፣ ያጠፋል። ልጃችሁን ወደ ቤቷ ልንመልስ ነው የመጣነው።" ተረጎምኩ። እሳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ዘረጋሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዱም "መልካም ትናገራለች" ሲል ሰማሁት። የሚመልሱት ሰው እኔ መሆኔ አልጠፋኝም። ግን ሩቅ ነበር።

ቀጥሎ ባለቤቴ ተነሣ። "እኔ ምን በደልኳት?" አለ ለአባቴ። "ዝም ትላለች። ጠዋት ዝም፣ ማታ ዝም። ቤቴ ውስጥ ሐውልት ነው ያስቀመጥኩት።" ተረጎምኩ። ድምፁ ላይ ያለውን ምሬት ሳይቀር ተረጎምኩ። መቼም ምሬቱ እውነት ነበር፤ ከዝምተኛ ጋር መኖር ቀላል አይደለም። "ስትመጣ ምንም አታውቅም ነበር" አለ፣ ጣቱን ወደ አዋ እየቀሰረ። ጣቴን ወደ አባቴ ቀሰርኩ። "ሰው ያደረግኳት እኔ ነኝ!" አለና ደረቱን መታ።

ደረቴን መታሁና በወላይትኛ ለአባቴ "ልጅህን ሰው ያደረግኳት እኔ ነኝ" አልኩት።

አዋ ዓይኔን እያየ ነበር። አጎቱ አንገታቸውን ደፍተው በቀስታ "እሱን እንኳ አትተርጉሚው ልጄ" አሉኝ።

"ተርጉሜዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው።

እጄ ደረቴ ላይ ቀርቷል። ባለቤቴ እጁን አውርዶ ተቀምጧል፣ የእኔ እጅ ግን እዚያው ነው። ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ፣ እጅ ነው የተሰማኝ። እጅና አጥንት።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ትመለስ እንጂ፣ አለ አንዱ። የሰው አገር ሽማግሌ ደክሞ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም፣ አለ ሌላው። ጎደሬው እንዳይቀዘቅዝ ያሰበም ያለ ይመስለኛል። እሱንም ሳይቀር ለአጎቱ ተረጎምኩላቸው፤ "ትመለስ እያሉ ነው።" አጎቱ ደስ አላቸው፣ ምርቃት ሊጀምሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አዋ እሺ ካለ ነገሩ ያልቃል፤ ሻንጣዬም በሩ ጀርባ ነበር።

አዋ ግን ሽማግሌዎቹን አላያቸውም። ከእኔ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ አንዲት ቃል ተናገረ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ? ይላሉ" ብዬ ለአጎቱ ተረጎምኩ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ መልስ መጠበቅ ጀመርኩ።

አጎቱ አዩኝ። አለቃው አየኝ። "ማንን ነው?" አለ አለቃው።

ማንን እንደሆነ ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ዞር ብዬ ጓሮ ያሉትን ሴቶች አየሁ። አንዷ አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ከሴቶቹ መሃል የምትመልስ አልነበረችም። አዋ አልቸኮለም። ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም አፌ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገሩን የሚሰጠኝ ሰው ነበር፣ አሁን የሚሰጠኝ አልነበረም። ጌታ ሆይ ምን ልበል ብዬ ሳልጨርስ፣ በወላይትኛ፣ ደካማ በሆነ ድምፅ "አልመለስም" ሲባል ሰማሁ። የእኔ ድምፅ ነበር። ያማረ አልነበረም። መድረክ ላይ ቢሆን "አልሰማሁም!" ያሰኝ ነበር።

ባለቤቴ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ምን አለች?"

የጠየቀው እኔን ነው። እኔ ምን እንዳልኩ እኔኑ ጠየቀኝ። ፈርዶብኝ እኔም ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ልማድ ክፉ ነው። ግን ቃሉ በአማርኛ አልወጣ አለ። ያለኝን አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ ለእሱ የሚሆን ሌላ አልተረፈኝም። "ምን አለች? ንገሪን እንጂ!" አለ እንደገና። አጎቱም ዓይናቸው እኔው ላይ ነው።

አዋ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። በእንግዶቹና በእኛ መካከል ያለውን ቦታ አቋርጦ መጣና በግራዬ በኩል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። በሕይወቴ ሰው ፊት አማርኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ልጄ" አለ፤ ቆም ብሎም ቃሉን ፈለገው። "ልጄ እምቢ አለ።"

አንድም የሳቀ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ እንኳ ጣቱን አላነሣም። አጎቱ ቀስ ብለው "ሰምተናል አባቴ" አሉ። እኔ ግን አመመኝ። ደረቴን፣ ጉሮሮዬን፣ ጣቴን ሳይቀር አመመኝ፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚያመው። እዚያው እንደቆምኩ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

አዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ እንዳይሰሙበት ድምፁን ቀንሶ፣ በወላይትኛ ጠየቀኝ።

"ልክ ተናገርኩልሽ?"

"ልክ ነው፣ አዋ" አልኩት።